ውሃ የማይቀዳ መራጭ

የ2014 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ገና ማለፉ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ማኪያቶዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «እኔ እኮ እመርጣለሁ» አለችኝ።

«የምን ምርጫ? ሰኔ ላይ አልፎ የለ?»

«የሐረር።»

መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሐረርን የምታውቃት ለዘመድ ሠርግና ለሹዋሊድ በዓል ስትሄድ ነው፤ ቢበዛ አራት ጊዜ። ሰኔ 14 አገሩ ሁሉ ሲሰለፍ እንኳ ካርድ ያላወጣች ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ሐረር ተወልጄ፣ ሐረር ተምሬ፣ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቴ ከዚያች ከተማ ያልወጣሁ ሰው ነኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ፈረስ መጋላ ዳር ሻይ ቡና ትሸጣለች። ለሐረር ድምጽ የምትሰጠው ግን እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ለመረዳት ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንዴት ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ በሁለት ጉባኤ የተከፈለ። 22ቱን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል፤ ከእነዚህ 4ቱ ከጀጎል፣ 18ቱ ከግንቡ ውጪ ካለው የክልሉ ክፍል ናቸው። የቀሩት 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ይባላሉ። እነሱን የሚመርጠው የሐረሪ ተወላጅ ብቻ ነው፤ ክልሉ ውስጥ ቢኖርም፣ ሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ቢኖርም። የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር በዕጩነት የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው።

በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጪ ያሉ ሐረሪዎች ይምረጡ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበለም። ነገሩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ይምረጡ አለ። የሐረሪ ክልል ምርጫ ከሰኔ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተዛወረ። ባልደረባዬም ባለካርድ ሆነች።

እኔስ? የምርጫ ሕጉ ድምጽ ለመስጠት በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል ይላል። እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሰኔ ላይ የመረጥኩትም እዚሁ ነው። ሐረሪ አይደለሁም። የእናቴ ቤተሰብ ከሸዋ የመጣ ነው፣ አባቴ ኦሮሞ ነው፤ ፎርም ላይ «ብሔር» የሚለው ቦታ ስደርስ እስክሪብቶዬ ይቆማል። በአጭሩ ከአውቶቡስ የወረድኩ ዕለት ከሐረር መራጭነት ወጥቻለሁ። የእሷ ቤተሰብ ሐረርን ከለቀቀ ሦስት ትውልድ አልፏል፤ እሷ ግን አልወጣችም።

በማግስቱ ታጥቄ መጣሁ። ማታ ኢንተርኔት ላይ ስቆፍር ኦልድ ሳረም የሚባል የእንግሊዝ የምርጫ ክልል አግኝቻለሁ። ሶልስበሪ ከተማ አጠገብ ያለ ጉብታ ነው፤ ድሮ ከተማ ነበረበት፣ በኋላ ሰው ሁሉ ጥሎት ሄደ። ሆኖም እስከ እ.ኤ.አ. 1832 ድረስ ሁለት የፓርላማ አባል ይልክ ነበር። መራጮቹ ጉብታው ላይ የመሬት መብት ያላቸው፣ ኑሯቸው ግን ሌላ ቦታ የሆነ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በፋብሪካ ያበጠችው ማንችስተር አንድም የራሷ ተወካይ አልነበራትም። ጉብታው ሁለት፣ ከተማዋ ዜሮ! እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ነው ኦልድ ሳረምን ከካርታው ላይ የሰረዘው።

ይሄን ሁሉ ዘረገፍኩላትና «አየሽ? በሌለሽበት ቦታ መምረጥ ይሄ ነው» አልኳት።

እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የኦልድ ሳረም ሰዎች ማን አባረራቸው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም።

«አያቴን ያባረረው ግን ይታወቃል።»

ነገሩ በ1940 ዓ.ም. የሆነ ነው። «ኩሉብ» በሚባለው እንቅስቃሴ የተነሳ የንጉሡ መንግሥት ብዙ ሐረሪዎችን አሰረ፣ ንብረታቸውን ወረሰ። ብዙ ቤተሰብ ጀጎልን ጥሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተነ። በ1967 ደግሞ የደርግ የመሬት አዋጅ መጥቶ በከተማዋ ዙሪያ የእርሻ መሬት የነበራቸውን ባዶ እጃቸውን አስቀራቸው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ራሳቸውን «ጌ ኡሱእ»፣ የከተማዋ ሰዎች፣ ይላሉ። ቋንቋቸውም «ጌ ሲናን»፣ የከተማዋ ቋንቋ ነው። ስሙ ራሱ ከተማ የሆነን ሕዝብ ከከተማው ስታስወጣው ምን ይቀረዋል?

ቁጥሩንም አስቡት። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ነበር። ከዚህ ውስጥ ኦሮሞው ከ56 በመቶ በላይ፣ አማራው ወደ 23 በመቶ ነው። ሐረሪው 9 በመቶ እንኳ አይሞላም። ራስ በራስ ብቻ ብትቆጥር፣ ከተማዋን በስሙ የሚጠራው ሕዝብ በየምርጫው ተሸናፊ ነው። ሌላውም ዓለም ለእንዲህ ያለው ነገር መላ ፈልጓል። ኒውዚላንድ ለማኦሪዎች የተለየ የፓርላማ መቀመጫ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ እስከ ዛሬም አለ። እኛም አገር ግጭት ያፈናቀላቸው ሰዎች ካሉበት መጠለያ ሆነው ለጥንቱ የምርጫ ክልላቸው እንዲመርጡ አሠራር ተዘርግቶ ነበር። ይሄን ሳይ «ደግ አደረጉ» ነው ያልኩት። ተፈናቃይ ድምጹን ይዞ ይሄዳል ካልን፣ የተፈናቃይ የልጅ ልጅ ላይ ስንደርስ ለምንድነው የምንጨክነው?

እዚህ ላይ ንዴቴ በረድ አለ። ግን አላለቀም። የቀረው ንዴት የኔ ሳይሆን የእናቴ ነው።

የተለየ መቀመጫ በእኔ እይታ የዕዳ ክፍያ ነው። ለተገፋ ሕዝብ «ቦታህን ጠብቀንልሃል» ማለት ነው። መልካም። ግን ዕዳ ተበዳሪ አለው። በ1940 ሐረሪውን ያሰረው መንግሥት ነው። መንግሥቱ አልፏል፤ ክፍያው ግን አላለፈም፤ ከጎረቤት ኪስ ይወጣል። እናቴ ማንንም አላሰረችም፣ የማንንም ቤት አልወረሰችም። ሆኖም ሐረር ውስጥ መቼም ቢሆን የብሔራዊ ጉባኤው መራጭ አትሆንም፤ ከእሷ ማህፀን የወጣ ልጅም እዚያ ጉባኤ አይገባም። ፍትሕ ለአንዱ ሲደርስ ሌላው ሳያጠፋ ይከፍላል። ይሄ ትክክል ነው ወይ? ካልሆነስ ትክክሉ ምንድነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ እጠረጥረዋለሁ። እኔ ግን አንድ መስፈርት ይዤ ለመሞከር ወሰንኩ፦ ውሃ።

የሐረር ልጅ ውሃ ስትለው ይገባዋል። ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ እኔ ልጅ ነበርኩ። ቢጫ ጄሪካን ይዞ መሰለፍን የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። የእናቴ ሥራ ሻይ ነው፤ ውሃ የሌለ ዕለት ገበያ የለም። ምክር ቤት ማለት ለእሷ ይሄ ነው፦ ቧንቧው ይመጣል ወይስ አይመጣም? እና ራሴን ጠየቅኩ፦ ውሃ የማይቀዳ ሰው ስለ ውሃ ድምጽ መስጠት አለበት?

የለበትም አልኩ፣ በድል አድራጊነት። ባልደረባዬን የረታኋት መሰለኝ። ወዲያው ግን ራሴን አየሁት። እኔስ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ሐረር ላይ ውሃ የቀዳሁት? ሦስት ዓመት። የአዲስ አበባ ውሃም በፈረቃ ነው፣ ግን እሱ ሌላ ጣጣ ነው። በዚህ መስፈርት እኔም ወደቅኩ። ለካ ያበገነኝ እሷ መምረጧ አይደለም፤ እኔ አለመምረጤ ነው። ናፍቆቴን መብት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ናፍቆት ግን መብት አይወልድም። ቢወልድማ ኖሮ ዋሽንግተን ያለው ሐረሬ ሁሉ ለፈረስ መጋላ ይመርጥ ነበር።

እሷ ከኔ የምትለየው በናፍቆት መጠን አይደለም። እንዲያውም እኔ የበለጠ ይናፍቀኛል። ልዩነቱ እኔ ባልመርጥ የሚጠፋ ቋንቋ የለም። አማርኛም ኦሮምኛም ያለኔ ድምጽ ይኖራሉ። የጀጎልን ቋንቋ፣ የዓዋቾቹን ስፍራ፣ የጥንቱን የሐረሪ ቤት በተመለከተ ግን፣ ባለቤቱ የተበተነ ነውና፣ የተበተነውም ቢጠየቅ አግባብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «መቀመጫው ይኑር አይኑር» አይመስለኝም። «መቀመጫው በምን ላይ ይወስን» ነው። ስለ ቋንቋና ቅርስ ቢወስን አልከራከርም። ርዕሰ መስተዳድር ማን ይሁን፣ በጀቱ የት ይሂድ፣ ቧንቧው በየት ይለፍ ሲባል ግን ጄሪካን የያዘው ሁሉ፣ ሐረሪም ሆነ ሌላ፣ እኩል መቆጠር አለበት። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ውስጥ መቀመጫው፣ ነደባው፣ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ ለተከበረ ሰው የተለየ ቦታ አለ። ጣሪያው ግን አንድ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ላይ ነው የሚያፈሰው።

ሐቁን ለመናገር ግን፣ ይሄን ሁሉ ስንከራከር የዘለልነው ነገር አለ። በ2002ም በ2007ም የ36ቱ መቀመጫ ውጤት 18 ለሐረሪ ብሔራዊ ሊግ፣ 18 ለኦሕዴድ ነበር። እኩል ለእኩል፣ አንድ ሳይጎድል። በ2012 ደግሞ ሊጉም ኦዲፒ ተብሎ የነበረው ኦሕዴድም ብልጽግና ውስጥ ገቡ። እኔና እሷ «የማን ድምጽ» እያልን ስንፋጅ፣ ድምጹ የሚለውጠው ነገር ምን ያህል ነው ብለን አልጠየቅንም። ምናልባት እሷን የተመቀኘኋት የተሰጣት ስልጣን ኖሮ ሳይሆን፣ «ያንቺ ነው» የሚል ወረቀት ስለተሰጣት ነው። ሰው ለዚያ ወረቀትም ይናደዳል።

መስከረም 19 ማታ ደወለችልኝ።

«የእናትህን ስልክ ላክልኝ።»

«ለምን?»

«ነገ የምመርጥላት ከተማ ውስጥ የምትኖር አንድ ሰው እንኳ ሳልጠይቅ ልሂድ እንዴ?»

ላኩላት። ምን እንዳወሩ በኋላ እናቴ ነገረችኝ። ልጅቷ በአዲስ አበባ ጨዋነት «እንደምን አመሹ? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ብላ ጀመረች። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ሐረር አንቱ የለም፣ አንቺ በይኝ» አለቻት።

ቀጥሎ ስለ ውሃ ነገረቻት፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ስለ ቋንቋም፣ ስለ 1940ም፣ ስለኔ ንዴትም አላነሳችም። መጨረሻ ላይ «ማንን ትመርጪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ነገረቻት። ማንን እንዳለች እናቴ ለኔ አልነገረችኝም።

«ድምጽ ምስጢር ነው» አለችኝ። «ደሞ አንተን ምን አገባህ? አንተ የአዲስ አበባ ሰው ነህ።»