አባትና ልጅ በአንድ መንገድ፤ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የተጻፈ ምክር



ይህን ወረቀት ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአባትህና ከእናትህ ቤት እስከ ዛሬ በልብህ የቀረው ምንድን ነው? የገዙልህ ልብስ አርጅቶ ተጥሏል፤ የበላኸው እንጀራ ተረስቷል፤ ከገሠጹህም ቃል ብዙው ከጆሮህ ወጥቷል። ነገር ግን ያልተረሳ አንድ ቀን ይኖር ይሆናል፤ አባትህ እጅህን ይዞ ወደ ገበያ የወሰደህ ቀን፥ ወይም እናትህ በወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ አንተ በድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ቆሎ የቆረጠምህበት ቀን። ያ ቀን ብዙ ገንዘብ አልወጣበትም፤ ሆኖም ካንተ ጋር ይኖራል። ልነግርህ የምወደው ስለ እንደዚህ ያለው ቀን ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ቀን አለኝ። የተወለድሁት በወገራ ደጋ ነው። ለትምህርት ወደ ጎንደር ከተማ በመጣሁ ጊዜ አባቴ ስንቄን አንግቦ በእግሩ አመጣኝ። ወሩ መስከረም ነበረ፤ ክረምቱም ገና ፈጽሞ አልወጣምና በመንገዳችን ያለውን ወንዝ ሞልቶና ደፍርሶ አገኘነው። አባቴ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው፤ ከዚያም ጐንበስ ብሎ በትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ። እኔ በሁለት እጄ ራሱን አጥብቄ ይዤ ነበር፤ እርሱም በወንዙ መካከል ሳለ፦ «አትፍራ፤ ድንጋዩን ረግጬዋለሁ» አለኝ። ከተሻገርን በኋላ በዳሩ ተቀምጠን ዳቦ ቆርሰን በላን።

ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደግሁ፤ ወንጌልንም ተቀበልሁ። በዚህ ምክንያት አባቴና እኔ ብዙ ዘመን ተለያየን። እርሱ ስለ እኔ አዘነ፤ እኔም በጐልማሳነቴ ትዕቢት ለአባት የማይገባ ቃል መለስሁለት። ነገር ግን ልቤ በቍጣ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ያ ወንዝ ትዝ ይለኝ ነበር። በትከሻው ተሸክሞ ያሻገረህን ሰው እንዴት ጠላቴ ነው ትላለህ? ያስታረቀንም ክርክር አይደለም፤ በክርክር ማንኛችንም አልተረታንምና። አንድ ቀን በደጁ ተቀምጠን ሳለ፦ «አባዬ፥ ያን ወንዝ ያስታውሱታል?» አልሁት። እርሱም፦ «ብርዱን እንዴት እረሳዋለሁ!» ብሎ ሣቀ። በዚያ ቀን ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ገበታ በላን።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ከልጅ ጋር አብሮ መሄድ ታናሽ ነገር እንዳልሆነ አስተውል። ሦስት ነገር እነግርሃለሁ።

ፊተኛው፥ ይህ ነገር ከቅዱስ መጽሐፍ የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሙሴ አባቶችን ሲያዝዝ፥ የእግዚአብሔርን ሕግ ለልጆቻቸው በቤት ብቻ ሳይሆን በመንገድም እንዲነግሩ አዟል። ልጁ ከአባቱ ጋር ካልሄደ ግን በመንገድ የሚነገረው ለማን ነው? በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ደግሞ እስራኤል ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች አንሥተው እንዳቆሙ እናነባለን፤ ይኸውም ልጆች በኋላ ዘመን ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱላቸው ነው። ጌታችንም በሥጋ ልጅ በነበረ ጊዜ ወላጆቹ በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፤ በ12 ዓመቱም ከእነርሱ ጋር እንደ ወጣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። በየዓመቱ የሚለውን አስተውል። ልጅ አንድ ጊዜ ያየውን ሊረሳው ይችላል፤ በየዓመቱ በዚያው ወራት በዚያው መንገድ የሄደውን ግን አይረሳውም።

ሁለተኛው፥ ይህን ትምህርት እኔ ራሴ ዘግይቼ ተማርሁ። ነቢዩ ሳሙኤል በየዓመቱ ወደ ቤቴል፥ ወደ ጌልገላና ወደ ምጽጳ እየዞረ በእስራኤል ላይ ይፈርድ እንደ ነበረ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ተነግሯል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ልጆቹ አባታቸውን እንዳልመሰሉ፥ ጉቦም እንደ ተቀበሉ እናነባለን። መጽሐፍ ምክንያቱን አይነግረንም፤ እኔም ከተጻፈው አልፌ አልናገርም። ነገር ግን እኔም ከአገር ወደ አገር እየዞርሁ የማስተምር ሰው ነኝና ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈራሁ። ሚስቴም ቀድማ፦ «ልጆችህ እንደ ጉባኤው ሰው ተቀምጠው ይሰሙሃል እንጂ እንደ አባት አያውቁህም» ብላኝ ነበር።

ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ወደ ቀሃ ወንዝ ዳር ወሰድኋቸው። ነገር ግን ሁለት ወንድሞችን ደግሞ ጠርቼ ነበርና ቀኑን ሁሉ ስለ ጉባኤው ሥራ ስንነጋገር ዋልን፤ ስልኬም ዕረፍት አልሰጠኝም። ማታ ስንመለስ ታናሿ ልጄ እናትዋን በቀስታ፦ «እማዬ፥ የእኛ ተራ መቼ ነው?» ስትላት ሰማሁ። ብዙ ሰው ገሥጾኛል፤ እንደዚህ ቃል ግን ልቤን የወጋው የለም። ከልጆቼ ጋር የሄደው እግሬ ብቻ ነበረና።

በሌላው ቅዳሜ ማንንም አልጠራሁም፤ ስልኬንም በቤት ተውሁት። ዳቦና የተቀቀለ ድንች ይዘን ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ገንዳው ደረቅ ነበር፤ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት በዓል ነውና። ልጆቹ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር የድንጋዩን ግንብ እንዴት አድርጎ እንደ ያዘው በእጃቸው እየዳሰሱ ተደነቁ። ታናሿም፦ «ውሃው ከየት ይመጣል?» አለች። ከቀሃ ወንዝ በቦይ እንደሚመጣ ነገርኋት፤ እርሷም ወንዙን ካላየሁ አለች፤ ሄደንም አየን። በዚያ ቀን አንድም ስብከት አልሰበክሁም። ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ፦ «ሰው ለምን ይጠመቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳትጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ነግሬአት ነበር፤ ጠይቃኝ የመለስሁላት ግን ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው፥ ይህን ለማድረግ ምን ይጎድልሃል? አንዳንድ ሰው፦ «እኔ ድሀ ነኝ» ይል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፥ እኛ ለሠርግና ለክርስትና ድግስ የዓመት ገቢያችንን እናወጣለን፤ ተበድረንም እንደግሳለን። በዚያ ድግስ ልጃችን በእንግዳ መካከል ጠፍቶ ይውላል፤ አባቱም ጠጅና ጠላ ሲያስቀዳ ፊቱን አያየውም። እንግዲህ ለአንድ ቀን ድግስ ይህን ያህል ካወጣን፥ ለልጃችን ግማሽ ቀንና አንድ ዳቦ ልንከለክለው ይገባልን?

ሌላው፦ «የምንሄድበት ስፍራ የለም» ይላል። አንተ የጎንደር ሰው ሆይ፥ ከሩቅ አገር ሰዎች ባሕር ተሻግረው የሚያዩትን ግንብ አንተ በየቀኑ ታልፈዋለህ። አፄ ፋሲል ከተማውን የመሠረቱት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ነው፤ ፋሲል ግቢም በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ልጅህ ግን ማን እንደ ሠራው ከአባቱ አፍ ሰምቷልን? ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ውሰደው፤ በ1888 ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ ከጥፋት ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። በጣሪያው የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ይቍጠር፤ ቍጥሩም ቢጠፋበት አትቸኵልበት፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ይቍጠር። ወደ ቍስቋምም ውጡ፤ እቴጌ ምንትዋብ ቤታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን ከሠሩበት ኮረብታ ሆናችሁ ቤታችሁ በየት በኩል እንዳለ ፈልጉ። አባት የሚመልስ ከሆነ የጎንደር ድንጋይ እንደ ዮርዳኖስ ድንጋይ ይናገራል፤ አባት ዝም ካለ ግን ድንጋዩም ዲዳ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ የሚችል ሰው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በጎርጎራ ጣናን ለልጆቹ ያሳይ። ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ወደ ደባርቅ፥ ከዚያም ወደ ስሜን ተራራ ይሂድ። በዚያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙትን ዋልያንና ጭላዳን ያያሉ። ጭላዳ ቀን በሜዳ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሲመሽ ግን ከነልጆቹ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል፤ ግልገሉም እናቱን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን በዘመናችን መንገድ ሁልጊዜ የሰላም አይደለም፤ ስለዚህ ሩቅ ለመሄድ ብለህ ልጆችህን ለአደጋ አትስጥ። ከደጅህ ያለው ጅረትና በመስከረም አደይ አበባ የለበሰው ጉብታ ይበቃል። ልጅ መንገዱን በኪሎ ሜትር አይለካውም።

ሌላውም፦ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ለዚህ የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ የሚያጥረው ላንተ ሳይሆን ለልጁ ልጅነት ነው። ዛሬ በትከሻህ የሚቀመጠው ልጅ ነገ ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ወደ አዲስ አበባ፥ ምናልባትም ወደ ባዕድ አገር ይሄዳል። ያን ጊዜ አንተ ጊዜ ታገኛለህ፤ ልጁን ግን አታገኘውም።

ደግሞ እንዲህ ስትሄዱ እነዚህን ጠብቅ። ቁጣህን በቤት ተውና ውጣ፤ የሳምንቱን ጥፋት በመንገድ አትቍጠርበት። ያየኸውን ሁሉ ስብከት አታድርገው፤ ልጁ እስኪጠይቅህ ታገሥ። ሚስትህንም አስብ፤ ሌሊት ተነሥታ ስንቅ ያዘጋጀች፥ በመንገድ ሕፃን የተሸከመች፥ ተመልሳም ምጣድ የምትጥድ ከሆነ ዕረፍቱ የአንተ ብቻ ነው። ወንዶች ልጆች ዕቃውን ይሸከሙ፤ አንተም እሳቱን አንድድ። አባት የሌለው የጎረቤት ልጅ ካለም ጥራው፤ በትከሻ የሚያሻግረው ሰው የለውምና።

ተወዳጅ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወረቀት ባነበብህበት ሳምንት አንድ ቀን ምረጥ። ለልጆችህም ዛሬ ንገራቸው፤ የተናገርኸውንም አትሻር። በሕይወታቸው ብዙ የሞላ ወንዝ ይገጥማቸዋል፤ ያን ጊዜ አንተ በአጠገባቸው አትኖር ይሆናል። የተሸከመቻቸውን ትከሻ ያስታወሱ ልጆች ግን፥ በሰማይ ያለው አባት እንደሚሸከማቸው ለማመን አይቸገሩም።

እርሱ እግዚአብሔር ልባችንን ወደ ልጆቻችን፥ የልጆቻችንንም ልብ ወደ እርሱ ይመልስ። አሜን።