በራስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብርቱ ውድድር ወዳለበት ዩኒቨርሲቲ ያመልክት ወይስ ይተው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የትምህርት አማካሪ ሥራ እንጂ የፍልስፍና ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ ተማሪውን ከማመልከት የሚያግደው የገንዘብ እጦት ወይም የውጤት ማነስ ሳይሆን «ለዚያ ቦታ አልመጥንም» የሚል የገዛ ራሱ ግምት በሚሆንበት ጊዜ፣ ሰው ስለራሱ ምን ያህል ማወቅ ይችላል፣ ስለራሱ የሚሰጠው ፍርድስ ምን ያህል ሊታመን ይገባል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። እዚህ ላይ ራስን መጠራጠር የሚባለው፣ ያለው ማስረጃ ከሚፈቅደው በታች አድርጎ ራስን የመገመት ዝንባሌ ሲሆን፣ ድክመትን በትክክል ለይቶ ከማወቅ የተለየ ነገር ነው። በወለጋ ውስጥ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ለሚማሩ ወጣቶች ይህ ልዩነት የሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ የምዝገባው ጊዜ በመጣ ቁጥር የሕይወታቸውን አቅጣጫ የሚወስን ነው።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በምደባ ነው፤ ምደባ ማለት ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪው ብዙዎች ዛሬም «ማትሪክ» በሚሉት ብሔራዊ ፈተና ያገኘውን ውጤትና በቅደም ተከተል የሞላውን ምርጫ አገናዝቦ የሚማርበትን ተቋም የሚወስንበት አሠራር ነው። ከዚህ መንገድ ወጣ ያሉ ተቋማት ግን አሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና የሚመርጡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። በምደባ የሚሄደው ተማሪ ስለራሱ የቱንም ያህል ዝቅ ያለ ግምት ቢኖረው ውጤቱ ቦታ ያሰጠዋል፤ በእነዚህ ተቋማት ግን ራሱ ካልጠየቀ ስሙ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ቀድሞ በልብ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ጥርጣሬ አሁን የመወሰን ሥልጣን አግኝቷል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የቆየ አባባል፣ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በገዙት ከተማ በነቀምቴ ለሚኖር ወጣት ከማንም በላይ ቅርብ ሊሆን ይገባው ነበር።

ተጠራጣሪው ተማሪ በራሱ ላይ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ማስረጃ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ጊዜ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014ቱ ፈተና ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የሰማ የነጆ ወይም የአርጆ ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ስለ ብዙኃን የሚናገር ቁጥር ስለ አንድ ሰው ሊመሰክር የሚችለው ስለዚያ ሰው የተሻለ መረጃ በሌለ ጊዜ ነው፤ ተማሪው ግን ስለራሱ የዓመታት መረጃ አለው፤ የትኛውን የሒሳብ ምዕራፍ ያለ ረዳት እንደሚሠራ፣ የትኛው የፊዚክስ ጥያቄ እንደሚያቆመው ያውቃል። ከዚህም በላይ ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ያስፈራው የነበረው ቁጥር አሁን ከጎኑ መቆሙን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም፤ ከመቶ አሥር ሰው እንኳ ባላለፈበት ፈተና ያለፈ ሰው፣ ያንኑ ቁጥር የአቅመ ቢስነቱ ማረጋገጫ አድርጎ መያዙን ከቀጠለ ሒሳቡን ገልብጦ እያነበበ ነው።

ጥርጣሬው ግን ከቁጥር ብቻ አልመጣም። የኦሮሚያ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ትናንት የሚያውቀውን ነገር ዛሬ መናገር ሲያቅተው ዕውቀቱ የጠፋ ይመስለዋል። በግጭት የተነሣ በወለጋ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት፣ መንገዶች ያስፈሩበት ዘመን አልፏል ብሎ ለመናገር የሚደፍር ብዙ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጠው በነበረ ጊዜ ደግሞ፣ የሌላ ከተማ ልጅ ከመስመር ላይ የሚያገኘውን የፈተና መለማመጃ የደምቢ ዶሎ ልጅ አላገኘም። በዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች በሰፈራቸው ውስጥ ከእነዚያ ተቋማት ገብቶ የወጣ ሰው አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድን እምነት ያመጣውን ነገር እምነቱን ትክክል ከሚያደርገው ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሌሊቱን ሲያስፈራሩት አድሮ ጠዋት ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ ቢያምን፣ እምነቱ መነሻ አለው እንጂ ማስረጃ የለውም። ከላይ ከተቆጠሩት ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ በእርግጥ ዝግጅትን ይቀንሳሉ፤ ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተማረ፣ አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ ከክፍል የቀረ ተማሪ የጎደለው ነገር አለ፣ ጉድለቱም በስም ሊጠራ ስለሚችል ሊሞላ ይችላል። በሰፈር ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለመኖሩ ግን ስለ ችሎታ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሰፈሩ ታሪክ ነው። ተማሪው ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ «አልመጥንም» በሚል ቃል ሲሸፍናቸው፣ ሊጠና የሚችለው ጉድለት ሊጠና ከማይችል ስሜት ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ይህ መቀላቀል ከድክመቱ ከራሱ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል ማለት ማጋነን አይሆንም።

በሕግ ዘንድ ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚል ጥንታዊ መርሕ አለ። መርሑ በተለምዶ የሚጠቀሰው ሰው ለራሱ እንዳያደላ ለመከልከል ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ በጥልቀት ሲታይ ማድላትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ባለጉዳዩ ከጉዳዩ ጋር ያለው ቅርበት ሚዛኑን ያዛባል የሚል ነው፣ የተዛባ ሚዛን ደግሞ ወደ ማንኛውም ጎን ሊያጋድል ይችላል። ሳያመለክት የቀረው ተማሪ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ተከሳሹም፣ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እሱ በሆነበት ችሎት በራሱ ላይ ፈርዷል፣ ይግባኝ የሚባልበትም የለም። የመግቢያ ፈተና ጉድለት ቢኖረውም ከዚህ ችሎት የሚሻልበት ነገር አለው፤ ፈራጁ ሌላ ሰው ነው። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ወጣቶች ዘወትር «በራስህ እመን» ከሚባሉት የተለየ ነው። ለማመልከት በራስ ማመን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፍርዱን ለሚገባው ፈራጅ መተው ብቻ ነው፣ ይህንንም እየተጠራጠሩ ማድረግ ይቻላል።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ የሚነሣው ከትሕትና በኩል ነው። በወለጋ ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም፣ ልጅ ራሱን ከፍ ከፍ እንዳያደርግ ይመከራል፤ ምክሩም የከበረ ነው። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ግን ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ላይ፣ ከሚገባው በላይ የሚመኘውን ከንቱ ሰውና የሚገባውን የማይጠይቀውን ሰው ለይቶ፣ ሁለቱም ከልኩ የወጡ መሆናቸውን ያሳያል፤ ከሁለቱም ይበልጥ የሚዘወተረውና የሚብሰው የሁለተኛው ጉድለት ነው ይላል፤ እንዲህ ያለው ሰው የማይገባው የመሰለውን መልካም ሥራ ሁሉ ስለሚተው፣ ራሱን ከክብር ብቻ ሳይሆን ከሥራም ያርቃል። ትሕትና እውነትን ስለራስ ማወቅ ከሆነ፣ ራስን ከእውነት በታች ማድረግ ትሑት አያሰኝም። እንዲያውም «እኔ እንደማልመረጥ አስቀድሜ አውቃለሁ» የሚል ሰው፣ መራጮቹ ገና ያላዩትን አይቻለሁ ማለቱ ስለሆነ፣ በአባባሉ ውስጥ የተደበቀ ድፍረት አለ።

ይህ ሲባል ቅርብ መቅረት ሁሉ ፍርሃት ነው ማለት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ዋና ግቢው፣ በጊምቢና በሻምቡም ሌሎች ግቢዎች አሉት፤ ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የታመመች እናት ያለቻት፣ ወይም በአካባቢዋ አርሶ አደሮች መካከል የግብርና ባለሙያ ሆና መኖር የምትፈልግ ተማሪ ወለጋ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ምርጫዋ ብታደርግ ሙሉ ምክንያት አላት። ችግሩ ፍርሃትም የምርጫን ልብስ ለብሶ ሊመጣ መቻሉ ነው። ኖርዌያዊው ፈላስፋ ዮን ኤልስተር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ሊያገኘው እንደማይችል የገመተውን ነገር ውሎ አድሮ «ድሮም አልፈልገውም» የሚልበትን ሂደት ተጣጣሚ ምርጫ በሚል ሐሳብ አብራርቷል፤ ምኞት በተገኘው ልክ ራሱን ያሳጥራል ማለት ነው። ይህን ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ተማሪዋ እንደምትመረጥ በእርግጠኝነት ብታውቅ ኖሮ ትሄድ ነበርን? መልሷ «አልሄድም» ከሆነ ወለጋ መቅረቷ ምርጫዋ ነው። «እሄድ ነበር» ከሆነ ግን እዚያ ያስቀራት የቦታው ፍቅር አልነበረም።

የወጪውም ነገር አለ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ጉዞው ገንዘብ፣ ማደሪያ፣ በአንዳንድ ጊዜም የደኅንነት ሥጋት አለበት። በዚህ ምክንያት ያላመለከተ ተማሪ ሊወቀስ አይችልም፣ ስለ ወጪው የሚያስብ ሰው ስለ ራሱ ዋጋ እየተጠራጠረ አይደለምና።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ዝነኛ ንግግሩ፣ አንዳንድ እውነቶች አስቀድመው ካልታመኑ እንደማይፈጠሩ፣ ሹመትና ዕድል የሚያገኙትም እንደሚያገኙ አምነው የተነሡት እንደሆኑ ተከራክሯል። ሐሳቡ ለዝግጅት ወራት እውነት ነው፤ አልፋለሁ ብሎ የማያስብ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ለማጥናት አቅም አያገኝም። ቅጹን ለመሙላት ግን ይህ እምነት አያሻም፤ እንዲያውም እምነቱ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከተመዘገቡ በኋላ፣ የፈተናው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ከተጻፈ ወዲያ ነው። አስቀድሞ እምነት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ቅደም ተከተሉን አዛብቷል።

አለመመረጥስ? የብዙዎች ጥርጣሬ ሥር ያለው ይህ ፍርሃት ነው፤ እምቢ መባል ጥርጣሬን እውነት አድርጎ የሚያጸድቅ ይመስላል። በነቀምቴ የኖረው ኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ እዚህ ላይ ይነገራል። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረው ይህ ሰው፣ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመመለስ ሞክሮ ሳይሳካለት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ለመመለስ ተገደደ። መንገዱ ስለተዘጋበት ሳይቆዝም ወደ ትርጉም ሥራ አተኮረ፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ፣ እሱም በ1904 ወለጋ ደረሰ። የተዘጋው መንገድ ስለ መንገዱ ሁኔታ እንጂ ስለ ተጓዡ ብቃት የሰጠው ምስክርነት አልነበረም። የመግቢያ ፈተናም የሚለካው በአንድ ቀን፣ በተወሰኑ ትምህርቶች፣ ለተወሰኑ ቦታዎች የሚበቃውን ነው፤ ያልተሳካለት ተማሪ በብሔራዊው ፈተና ያገኘው የማለፊያ ውጤት አይሰረዝበትም።

የኦኔሲሞስ ሥራ ተካፋይ የነበረችው አስቴር ጋኖ ደግሞ ሌላ ነገር ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነጻ ወጥታ ወደዚያው ትምህርት ቤት የገባችው ይህች ሴት በቋንቋ ተሰጥኦዋ የታወቀችው፣ ተሰጥኦዋን ያየ ሰው መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ስለሰጣት ነበር፤ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አባባሎችንና መዝሙሮችን ሰብስባ፣ ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ፣ ኋላም ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። ሰው ራሱን በትክክል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ዓይን በኩል ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬ የተማሪው የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው።

ይህን የሚደግፍ ጥናት በሩቅ አገር ተደርጓል። ተመራማሪዎቹ ካሮላይን ሆክስቢና ክሪስቶፈር ኤቭሪ ከድሃ ቤተሰብ የወጡ አብዛኞቹ ጎበዝ አሜሪካውያን ተማሪዎች፣ በተለይም ከትልልቅ ከተሞች ርቀው የሚኖሩት፣ ሊገቡባቸው ወደሚችሉ ተወዳዳሪ ኮሌጆች ፈጽሞ እንደማያመለክቱ አሳዩ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ላሉ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለርእሰ መምህሮቻቸው፣ ከተመረጡ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያ እንደማይጠየቁ በግልጽ ቃል የሚገባ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ካልደረሳቸው ያመለከቱት 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ከደረሳቸው 68 በመቶ አመለከቱ፤ ገብተው የተመዘገቡትም ከእጥፍ በላይ ሆኑ። አብዛኞቹ ያንኑ ድጋፍ ያለ ደብዳቤውም ያገኙ ነበርና የተጨመረው ዋናው ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ ስማቸውን ጠርቶ «ለእናንተም ነው» ያላቸው ሰው መገኘቱ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቀድሞ የሚጠየቅ ክፍያ በአብዛኛው እንቅፋት ስለማይሆን፣ በነቀምቴ ወይም በመንዲ ይህን ደብዳቤ ለመተካት ብዙ ሀብት አያስፈልግም፤ የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ጎበዝ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚደረገው ምዝገባ የተለየ መሆኑን የሚነግር፣ ኢንተርኔት በሚሠራበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጦ ቅጹን የሚያስሞላ፣ የጎደላቸውንም ምዕራፍ በስሙ የሚጠራላቸው አንድ መምህር ይበቃል።