ስለ አገር መለወጥና ስለ አዕዋፍ ፍቅር

ሰው ከለመደው አውራጃ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ለአዕዋፈ ሰማይ ያለው ፍቅር አብሮት ይሄዳልን ወይስ በቀድሞው ስፍራ ይቀራል የሚለው ጥያቄ፣ ካሜራ ይዘን ወፍ የምንከታተል ሰዎች በጥሞና ልንመረምረው የሚገባ ነው። በእንጦጦ ደን፣ ከአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ምድር በቀር የማይገኘውን ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ በድምፁ ብቻ ለይቼ እጠብቀው የነበርሁ እኔ፣ ወደ ሐዋሳ ከተዛወርሁ በኋላ፣ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሐይቅ ዳር ስቆም፣ ልማዱን የማላውቀው ፍጥረት ሁሉ ከፊቴ ተገለጠ፤ ራሰ ነጩ ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ጫፍ ይጮኻል፣ አባ ኮዳ የተባለው ወፍም አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የዓሣ አጥማጆችን ትርፍራፊ ይጠብቃል።

አዳም ለአዕዋፍ ስም እንዲያወጣ ሥልጣን እንደ ተሰጠው ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል፤ ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ ስሙንና ልማዱን ያወቅነውን ወፍ እንደ ርስታችን መቁጠር የሚቀናን። አዲስ አገር ይህን ትምክህት ይነጥቅና ፎቶግራፍ አንሺውን ደቀ መዝሙር ያደርገዋል። አባ ኮዳ፣ በመላጣ ራሱና ከአንገቱ በተንጠለጠለው ከረጢቱ ምክንያት ብዙዎች የሚንቁት ቢሆንም፣ የምድርን ጥራጊ እያነሣ የተሰጠውን አገልግሎት የሚፈጽም ፍጥረት ነው፤ እርሱን ከንስሩ ባነሰ ትጋት የሚያነሣ ሰው ፍቅሩ ገና ከመልክ አላለፈም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ወደ ሐዋሳ የምትመጣ ወንድሜ፣ የምትመጪ እኅቴ፣ ካሜራችሁን አስቀድማችሁ ወደ አባ ኮዳ መልሱ፤ ወደ ጎጆው ግን አትጠጉ፣ የተረበሸ ወላጅ ጫጩቶቹን ጥሎ ሊሄድ ይችላልና።