የቁስል ማመርቀዝና የፈጣሪ ፈቃድ

ከኦፕራሲዮን በኋላ የተሰፋ ቁስል ሲያመረቅዝ ከሥጋው ሕመም ጋር «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በጅማ አወቱ መንደራም ሆነ በአጋሮና በሊሙ መልሱ ይቀራረባል፤ ሙስሊሙ «ቀደር ነው»፣ ክርስቲያኑ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይላል። የሰው ዓይን ወይም ሽታ አገኘው የሚልም አይጠፋም።

ሁለቱም ሃይማኖቶች ግን ፈቃድን ከቸልተኝነት ጋር አያምታቱም። በእስልምና ተወኩል፣ በአላህ መመካት፣ ሰበቡን፣ ማለትም ከሰው የሚጠበቀውን፣ ካደረሱ በኋላ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቀኖና የሚገኘው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር ያዛል፤ መድኃኒትንም የፈጣሪ ሥራ ይለዋል። የሚቻለው ሳይደረግ «ፈቃዱ ነው» ማለት የሰውን ዕዳ በፈጣሪ ላይ መጫን ነው።

የሚቻለው ደግሞ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ታካሚው ከኦፕራሲዮን በፊት ገላውን እንዲታጠብ፣ ፀጉሩ በምላጭ እንዳይላጭ፣ ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት የሚያስፈልገውም ሰው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ እንዲወስድ ይመክራል። ምላጭ የሚተወው ጭረት ለጀርም በር ይከፍታልና። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የመሣሪያና የጨርቅ ንጽሕና፣ የመድኃኒቱም ሰዓት በጥብቅ ሲጠበቅ የኦፕራሲዮን ቁስል ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ያ ሲሶ ከዚያ በፊት ቀደር ሊባል ይችል የነበረ ነው። ሰው እጁን ሲታጠብ የሚቀር መከራ በፈጣሪ ስም ሊጠራ አይገባም።

የሚቀረውስ? ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ የመጣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሁሉም ተደርጎለት ሊያመረቅዝ ይችላል። ሐኪሙንም ታካሚውንም በኃጢአት መክሰስ እዚህ ላይ ግፍ ነው፤ ሰብርና ትዕግሥት ቦታቸው ይህ ነው።

መግል የያዘ ቁስል ግን በትዕግሥት ብቻ አይድንም። ስፌቱ ተከፍቶ መግሉ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ በየጊዜው ፋሻው ይቀየራል፤ ትኩሳት ካለ ወይም መቅላቱ ከተስፋፋ መድኃኒት ይጨመራል። በግምት ከፋርማሲ የተገዛ ክኒን የተጠራቀመ መግል አያወጣም። የተፈጨ ቡና መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ጸበልም በተከፈተ ቁስል ላይ ባይፈስ እምነት አይጎድልም። ጸሎትም ዱዓም ፋሻ መፍታት አይጠይቁም።

ኢንፌክሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ይታያል። ስለዚህ ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።