ሰንዳፋ ፖሊስ ኮሌጅ ጨርሶ ለመጣው ልጅ

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። እናትህ እልል ስትል ውላለች፤ ደግ አደረገች። እኔ ደግሞ የአጎትነቴን ልንገርህ፤ እዚሁ የካ ሚካኤል ተቀምጬ ከአንድም ሁለት ጊዜ ያየሁት ነገር አለ።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ፖሊስ በሌሊት እየመጣ የኤርትራ ተወላጅ የሆነ ጎረቤት ይወስድ ጀመር። ሾጎሌ በእስር ያቆዩዋቸውና በአውቶቡስ ወደ ድንበር ይሰዷቸዋል። ጦርነቱ እስኪያበቃ 75,000 ያህል ሰው እንዲህ ወጣ። ከአጥራችን ማዶ የነበሩት እናት ሊጥ እያቦኩ ነበር የተያዙት። አንዱ ፖሊስ በሊጥ እጃቸው ገፍቶ ሊያወጣቸው ሲል፣ ጓደኛው «ቆይ፣ ይታጠቡ፤ የልጁንም ሹራብ ይያዙ፣ መንገዱ ብርድ ነው» አለው። ሁለቱም ታዘው የመጡ ናቸው። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱን ለየቅል ነው የሚያነሳቸው።

በ2014ም፣ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ፣ ያው ነገር ተመልሶ መጣ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ሲፈቀድ፣ ብዙ የትግራይ ተወላጅ ከየቤቱ ተለቀመ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር እስሩ ብሔርን የተከተለ ይመስላል ብሎ ስጋቱን ተናገረ። አዋጁ ራሱ እኮ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ያስፈልጋል ነበር የሚለው! የአያት ስም ከመቼ ወዲህ ጥርጣሬ ሆነ? በጠቋሚነት ከተሰለፈው ውስጥ በቤት ኪራይ የተጣላም፣ የዕቁብ ዕዳ ያለበትም ነበር፤ እኛ እናውቀዋለን፣ ጣቢያው አያውቀውም። ስለዚህ ጠቋሚ ሲመጣልህ «ምን ሲያደርግ አየኸው?» በለው። መልሱ የሰውየው ብሔር ብቻ ከሆነ አሰናብተው።

ለሥራህም ቢሆን፣ ሱቅ የተሰበረ ለት ሌባውን የሚነግርህ ደጁ ላይ የሚውል ሰው ነው። ያን ሰው በብሔሩ አስረኸው ከነበረ፣ አይቶም አላየሁም ይልሃል።

ሕጉን ሰንዳፋ አስተምረውሃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ተጠርጣሪ የሚደበድብ ፖሊስም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል።

እንግዲህ ሰው ስትይዝ ሰዓቱንና ምክንያቱን በገዛ እጅህ መዝገብ ላይ ጻፍ፣ ፈርምበት። የት እንደምትወስደውም ለቤተሰቡ ሳትናገር ከደጃፉ አትውጣ።