የዓመቱን ደመወዝ ወደ ወር ስታወርጂ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የቅጥር ደብዳቤሽን እናትሽ ልካልኝ አየሁት፤ «የዓመት ደመወዝ 240,000 ብር» ይላል። ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ከቆቦ ሮቢት ደርሷል። አንዱ አጎትሽ የበሬ መግዣ፣ ሌላው የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅሽ ሰዓት እየጠበቀ ነው። እኔ ዕድሜዬን ፔሮል ስሠራ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ገንዘብ አልጠይቅሽም፤ ለማንም ቃል ከመግባትሽ በፊት ግን አንድ ጊዜ ስሚኝ። የዓመት ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ወደ ወር ሳታወርጂው፣ ከወሩም ተቆራጩን ሳታነሺ አትመኚው።

የእኛ የራያ ቆላ ሰው የዓመት ገቢ እንግዳ አይሆንበትም። ጎርፉን ጠልፎ ያበቀለውን ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበስባል፤ የእህል ጉድጓዱን ከፍቶ እያየ ለቀለብ ይህን፣ ለዘር ያን፣ ለድግስ የተረፈውን ይላል። የአንቺ ማሽላ ግን አሠሪው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የሚሰፈርልሽም በየወሩ ነው። ያልተሰፈረውን አታበድሪ።

እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። 240,000 ለ12 ሲካፈል 20,000 ነው። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የእኛ አገር የደመወዝ ግብር የሚታሰበው በወር ነው፤ በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት እስከ 2,000 ብር ድረስ ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደየእርከኑ ከ15 በመቶ ተነሥቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። ከ14,000 ብር በላይ ለሚከፈለው ሰው አቋራጩ መንገድ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። ያንቺ 7,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 4,950 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር። እጅሽ የሚገባው 13,650 ብር ነው። በ12 ሲባዛ 163,800። አየሽ፣ አጎትሽ የሰማው 240 ሺህና አንቺ የምታገኚው 76,200 ብር ይለያያሉ፤ ከዚህም ውስጥ ጡረታሽ ለነገ የተቀመጠልሽ እንጂ የጠፋ አይደለም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ስለዚህ ሰኞ ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ አሠሪው ለጡረታሽ የሚከፍለው 11 በመቶ በዚያ 240 ሺህ ውስጥ ተቆጥሯል ወይስ ከላይ ነው? በሕጉ ያ ክፍያ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ እንጂ ካንቺ ደመወዝ የሚቆረጥ አይደለም። ወጪውን ሁሉ ደምሮ በአንድ ቁጥር የሚጽፍ ፕሮጀክት ግን አይጠፋም፤ እንደዚያ ከሆነ የወሩ ደመወዝሽ 20,000 ሳይሆን 18,018 ብር ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የመስክ አበልና የትራንስፖርት ተጨምሮበት ነው ወይስ ለብቻው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል»።

አሁን ወደ ጳጉሜ እንምጣ፣ ብዙ ቤት የሚናጋው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ አቆጣጠር የሚከፍል መሥሪያ ቤት 12 ደመወዝ እንጂ 13 አይከፍልም። አከራይሽም ጳጉሜን አይጠይቅሽም፤ ሆድ ግን ይጠይቃል። የነሐሴ ደመወዝሽን ከተቀበልሽ በኋላ የመስከረሙን እስክታገኚ 35 ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 36፤ የሚቀጥለው 2019 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ላይ ነሐሴ 16 የልጃገረዶቹ በዓል ሶለል ይገባል፤ ታናናሾችሽ ቀሚስና ጫማ ይሻሉ። እንቁጣጣሽ ይከተላል፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይከተላል፣ መስቀል ይከተላል። ማሽላው ገና ማሳ ላይ፣ አዲሱ እህል ገበያ ያልወጣ፣ አሮጌው የተወደደበት ጊዜ ነው። ወሩን በ30 ብታካፍዪ ለቀን 455 ብር ይመስልሻል፤ ዓመቱን በ365 ብታካፍዪው ግን 449 ገደማ ነው። ስድስት ብር ምን አላት አትበዪ። ከየወሩ 187 ብር ለብቻ ብታስቀምጪ የጳጉሜን አምስት ቀን ይሸፍናል። ያላስቀመጠ ሰው ጳጉሜ ሁለት ላይ ጎረቤቱን ያንኳኳል፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለውም በእንዲህ ያለው ላይ ነው።

መሥሪያ ቤትሽ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚከፍል ከሆነ ጳጉሜ ቀኖቿን በትና በወሮቹ ውስጥ ስለምትገባ ይህ ሁሉ ይቀልልሻል። ዋሽንግተን ያለው የአክስትሽ ልጅ የተሳሳተው ሌላ ነው፤ እዚያ ብዙ አሠሪ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚከፍል በዓመት 26 ክፍያ አለ። በዓመት 52,000 ዶላር ያለው ሰው ሁለት ክፍያ ደምሮ የወር ገቢዬ 4,000 ነው ይላል፤ የዓመቱ ለ12 ሲካፈል ግን 4,333 ነው። እርሱ አሳንሶ ስለቆጠረ ተርፎታል፣ የእኛ ስሕተት ግን ሁልጊዜ ወደ ማብዛቱ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«እንደ ቤት ይኖሯል እንጂ እንደ ጎረቤት አይኖርም»፤ ለአጎቶችሽ የምትሰጪውን ከ13,650ው ላይ አስቢ፣ በሬውም ከዚያ ከተረፈ ይገዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ የምትጀምሪው ወሩ በገባ በ11 ከሆነና መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን የሚያሰላ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያሽ የ20 ቀን፣ 13,333 ብር ነው። ደመወዙ ሲያንስ የግብሩም እርከን ይወርዳል፤ ግብር 2,650፣ ጡረታ 933 ተቆርጦ 9,750 ብር ይደርስሻል። «በ20 ቀን ይህን ካገኘሁ በ30 ቀን 14,625 ላገኝ ነው» ብለሽ የቤት ኪራይ ውል እንዳትፈርሚ፤ የሚቀጥለው ወር 13,650 ብር ነው።