የእረኛው ጋቢ

በአንድ የደጋ መንደር ሰዉ ጠቦቶቹን የሚያሰማራው በጋራ እረኛ ነበር። እረኛውን የቀጠሩት ጠንቅቀው ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ቤት እንደሠራ፣ ለምን እንደለቀቀ ጠይቀው፣ ሁለት ዋስ አስጠርተው። ትከሻው ላይ በጥቁር ክር የተጣፈ ጋቢ ስለሚለብስ ሕፃናት እንኳ ከሩቅ ይለዩታል።

አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ እንደዚያው በጥቁር ክር የተጣፈ ጋቢ የለበሰ ሰው መጣ። «ዛሬ የማሰማራው እኔ ነኝ» አለ። አንዲት ባልቴት ጠቦቷን እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱን አታውቀውም። «አንተ ማነህ?» ልትለው ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጎረቤቶቿ ግን እየተቀባበሉ ያስረክባሉ፤ መጠየቁ ነውር መሰላት። ሰጠችው። ሲመሽ በረቱ ባዶ ሆነ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ከእንግዲህ እረኛ በአራት ዋስ ይቀጠር» አሉ። ባልቴቷ ተነሥታ፣ «እረኛችን ምን አጠፋ? ዋስ ሳንጠይቅ ያሳለፍነውኮ ጋቢውን ነው» አለቻቸው።

በሳዑዲ ዓረቢያዋ ደማም የሆነውም ይኸው ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዲት ሴት ከቀጢፍና ከደማም ሆስፒታሎች ሦስት አራስ ወንዶች ልጆች ሰርቃ የራሷ አድርጋ አሳደገች። የመጨረሻውን በ1999 የወሰደችው ነርስ መስላ ነው። የተደረሰባት በ2020 ገደማ፣ ለልጆቹ መታወቂያ ላውጣ ስትል ነበር፤ የዘረ መል ምርመራ እውነቱን አወጣው። በ2025 በሞት ተቀጣች። የልጆቹ ቤተሰቦች ግን ልጆቻቸውን ያገኟቸው ጢም ካወጡ በኋላ ነው።

ሕፃንና አቅመ ደካማ የሚይዝ ሰው የኋላ ታሪኩ ይጣራ፤ ይህ ግድ ነው። ከአገራችን ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደዋ እህታችንም አሻራ ሰጥታ፣ ተመርምራ ነው የምትሄደው። ነገር ግን ፋይል የሚያጣራው ያመለከተን ሰው ብቻ ነው። ነጭ ጋውን ለብሳ የምትገባ ሌባ ማመልከቻ የላትም፤ የሚያስቆማት በር ላይ የሚጠይቃት ሰው ነው። እኛን ደግሞ ከመጠየቅ የሚያግደን ይሉኝታ ነው።

በደማምና በአል ኮባር የምትወልጂ እህቴ፣ ልጅሽን ልውሰደው የምትልሽን ሁሉ «ሚን ኢንቲ?» (ማን ነሽ?) በያት። ባጇን አንብቢ። ካላወቅሻት የክፍሉን ነርስ አስጠሪ፤ እስክትመጣም ልጅሽን ከእቅፍሽ አታውጪ።